አበባ ላይ የወረደ በረዶ

ባለፈው ሐሙስ ፌርፋክስ በሚባለው የሐበሻ ሰፈራችን ካለ ሱቅ በርበሬና ሽሮ ልገዛ ገብቼ ወረፋ ስጠብቅ፣ ከመደርደሪያው በላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን የአገሩን የአየር ሁኔታ ይተነብይ ነበር። መሀል አገር አውሎ ነፋስ፣ በስተምሥራቅ ዝናብ፣ በእኛ በኩል ደግሞ ተራራው ላይ በረዶ። ሒሳብ የሚቀበለው ልጅ ቀና ብሎ አየና፣ «እትዬ ሰብለ፣ ነገ ወደ ሰሜን ድራይቭ እንዳታደርጊ፤ ስኖው አለ አሉ፣ ኦኬ?» አለኝ።

«ኦኬ» አልኩት። ልቤ ግን ቀድሞኝ ተራራው ላይ ወጥቶ ነበር።

ያን ተራራ በበረዶ ያቋረጥኩ ጊዜ ገና ወጣት ነበርኩ። ዲቪ ደርሶኝ ከመጣሁ ዓመት እንኳ አልሞላኝም፤ እዚሁ ሰፈር አንድ ምግብ ቤት ውስጥ አስተናግዳለሁ። ወጥ የሚሠሩት እትዬ ዘነበች ነበሩ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሽንኩርት ሲከትፉ እንኳ የማያለቅሱ ሴት። አንድ የሚያዝያ ጠዋት ግን ምድጃው አጠገብ ቆመው ሲያለቅሱ አገኘኋቸው። ከተራራው ማዶ፣ ቤከርስፊልድ ከተማ የምትኖረው ታናሽ እህታቸው በማግስቱ የልብ ኦፕሬሽን ልታደርግ ነው።

«ራዲዮው ተራራው ላይ በረዶ ይጥላል ይላል» አሉ የምግብ ቤቱ ባለቤት።

«እህቴን ሳላያትማ ቢላዋ አይነካትም» አሉ እትዬ ዘነበች፣ ነጠላቸውን እያጣፉ።

መኪና የነበረኝ እኔ ነበርኩ። በረዶ ሲባል እኔ የማውቀው ክረምት ላይ እንደ ጠጠር ጣሪያ የሚደበድበውን፣ ልጆች ለቅመው አፋቸው ውስጥ የሚጨምሩትን ነው። ምኑ ያስፈራል?

ከከተማ ስንወጣ ዝናብ ያዘን። ሾፌሮች ግሬፕቫይን የሚሉትን ዳገት ስንጀምር ኮረብታው ሁሉ ብርቱካንማ አበባ ለብሷል፤ ዝናብ የማያጠፋው እሳት ይመስል ነበር። እትዬ ዘነበች ድፎ ዳቦ እየቆረሱ ያጎርሱኛል። ድንገት የዝናቡ ድምፅ ጠፋ። መስታወቱ ላይ የሚያርፈው ነገር ሰፋፊ፣ ነጭ፣ እንደ ጥጥ የቀለለ ሆነ። ብዙም ሳንርቅ አበባው ተሸፈነ፤ መንገዱም ተሸፈነ።

ፍሬን ነካሁ። መኪናዋ አልታዘዘችኝም፤ በቀስታ ዞረች፣ ዞረችና ፊቷን ወደ መጣንበት አድርጋ ቆመች። የአንድ ትልቅ የጭነት መኪና መብራት ወደ እኛ እየመጣ ነው። እትዬ ዘነበች እጄን ያዙኝ። መብራቱ ቀረበ፣ ቀረበ፣ አፍንጫችን ሥር ሲደርስ ቆመ።

ሾፌሩ፣ ጢማም ሰውዬ፣ ወርዶ መስኮቱን አንኳኳ። ከተናገረው ግማሹን ነው የሰማሁት።

«ምን አለ?» አሉኝ እትዬ ዘነበች።

«ቀስ ብለሽ አዙሪና ጎማዬ በሄደበት ተከተይኝ አለ።»

«እንግዲያው ተከተይው። እንዳትቸኩይ።»

ከኋላው እንደ ኤሊ ስንጓዝ እትዬ ዘነበች መስኮቱን ከፍተው መዳፋቸውን ዘረጉ። በረዶው እያረፈ ይሟሟል። «እግዚኦ» አሉ፣ ቅዳሴ ላይ እንደሚያንሾካሹክ ሰው። «ዝናብ እንኳ ሲመጣ ቆርቆሮ ያንኳኳል። ይሄ ግን ኮቴ የለውም። ይህን ሁሉ ተራራ ዝም ብሎ ወሰደው!»

ያን ጊዜ ነው እኔም ቀና ብዬ ያየሁት። ሰማይና ምድር አንድ ሆነዋል፤ እዚህም እዚያም ከነጩ ሥር የአበባው ቀለም ብልጭ ይላል። ፈርቼ መሪውን አጥብቄ ይዣለሁ፤ እንዲያልቅ ግን አልፈለግሁም።

ቁልቁለቱ ላይ ደመናው ተከፈተ፤ ሜዳው ፀሐይ ሞልቶበት ተዘረጋ። ጢማሙ ሰውዬ ጥሩንባ ነፍቶልን ሄደ፤ ስሙን እንኳ አልጠየቅነውም።

ሆስፒታል ስንደርስ እህትየው ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታ ነበር። እትዬ ዘነበች ጉንጯን ሲነኳት ደንግጣ ዞረች።

«ውይ! እጅሽ እንዴት ይቀዘቅዛል!»

«ምን አይቼ እንደመጣሁ ብትሰሚ!» አሏትና አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። እስኪመሽ ድረስ ስለ አበባው፣ ስለ በረዶው አወሩላት። አፏን ከፍታ ትሰማለች፤ ነገ የሚጠብቃትን የረሳች ትመስል ነበር። ኦፕሬሽኑም በደህና አለፈ፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖራለች።

ከሱቁ ስወጣ ፌርፋክስ ላይ ፀሐይ ነበር፤ ሰው ደጅ ተቀምጦ ምሳ ይበላል። በስተሰሜን ተራሮቹ በደመና ተሸፍነዋል። የቴሌቪዥኑ ሰውዬ ነገሩን በአንድ ትንፋሽ ተናግሮ ወደ ስፖርቱ አልፏል፤ አይፈረድበትም፣ ሥራው ነው። እኔ ግን የገዛሁትን መሬት አስቀምጬ ትንሽ ቆምኩ። ተራራውን በበረዶ ከተሻገርንበት ከዚያ ቀን በፊት ፍርሃትና አድናቆት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይመስሉኝ ነበር።