የመዝገብ ስም

«ታዲያ እኔ ማን ነኝ፣ ልጄ?»

እንዲህ ያሉኝ የጃናሞራዋ እማማ ጥሩወርቅ ናቸው፤ ተመርቄ ደባርቅ ባንክ በተቀጠርኩ በሁለተኛው ወር። ዛሬ ጠዋት በበሩ ሲገቡ ሳይ ጥያቄው መጣብኝ።

ያን ቀን ጭጋጉ ደጃፉ ድረስ ገብቶ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ «ኔትወርክ የለም» እያልኩ ምላሴ ደርቋል። ኔትወርኩ ሲመጣ የእሳቸው ተራ ደረሰ።

«ባለቤቴ ጎንደር ሆስፒታል ተኝቷል፤ መድኃኒት ግዙ ብለውናል» ብለው የቁጠባ ደብተራቸውንና መታወቂያቸውን ሰጡኝ። ደብተሩ ወለተ ጊዮርጊስ ይላል፤ መታወቂያው ጥሩወርቅ።

«እናቴ፣ ስሙ አይገናኝም።»

«የክርስትና ስሜ ነዋ! መዝገብ ላይ የሚሰፍረው እሱ አይደል? ቄሱም ለጸሎት የሚጽፉኝ በሱ ነው።»

«እማማ፣ ባንኩ ተዝካር ሊያወጣልዎት ነው እንዴ?» አለ ከኋላ አንዱ። ሰልፉ ሳቀ።

የሂሳብ መክፈቻ ፎርሙን አውጥቼ አየሁት። ጽሑፉ የእኔ ነው! ሥራ የጀመርኩ ሰሞን፣ ምሳ ሰዓት ደርሶብኝ፣ «ለመዝገብ ስምዎን ይንገሩኝ» ብዬ ያሉትን ጻፍኩ። ከመታወቂያው ያየሁት ፎቶውን ብቻ ነው። ለሥራ አስኪያጁ ብናገር ያኔውኑ ያልቅ ነበር። ግን የሙከራ ጊዜዬ አላለቀም። ፎርሙን መልሼ ከተትኩና «ከቀበሌዎ ደብዳቤ ያምጡ» አልኳቸው። ቀበሌያቸው ያለው ጃናሞራ፣ ያንን ሁሉ መንገድ።

ያን ጊዜ ነው የጠየቁኝ። የሚቀጥለውን ባለተራ ጠራሁ።

ለምሳ ስወጣ ደጅ አግዳሚው ላይ፣ ብርዱ ውስጥ ተቀምጠዋል። ከጋቢያቸው ጫፍ የገብስ ቆሎ ፈትተው ዘገኑልኝ። «እንኪ ብይ፣ ስትለፊ ነው የዋልሽ።» በላሁት።

በሦስተኛው ቀን ደብዳቤውን ይዘው መጡ። «ለመድኃኒቱ እንኳ በቅሎዬን ሸጬ ልኬለታለሁ» አሉ። ባላቸው ዳኑ። በቅሎዋ ግን አልተተካችም፤ ከዚያ ወዲህ ደባርቅ የሚመጡት በእግራቸው ነው። እኔም በመጡ ቁጥር ወረቀት የማገላብጥ እመስላለሁ። ማስመሰሉ ሰለቸኝ።

ዛሬ ተራቸው የደረሰው አጠገቤ የምትሠራው አዲሷ ልጅ ጋ ነው። ባለፈው ሰኔ ነው የተመረቀችው፣ ትቸኩላለች። መታወቂያውን ስታነሳ እማማ ጥሩወርቅ ፈጠን ብለው፣ «ስሙ ተስተካክሏል ልጄ፤ ያኔ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አሏት።

ተነሳሁ። ሥራ አስኪያጁም፣ ሰልፉም ይሰማል። ይስማ!

«እማማ ጥሩወርቅ፣ እርስዎ ያኔም እርስዎ ነበሩ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ፎርሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የመለስኩዎትም እያወቅሁ ነው።»