መሃሉን የሚሞላው ቴሌቪዥን

በ2016 ዓ.ም. ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። ያን ጊዜ ከሮቢት ወደ ቆቦ የሄድኩት ቴሌቪዥን ልገዛ ነው። ቴሌቪዥኑን የምገዛውም ልጄ መሞቱን ለእናቱ ላሳያት ብዬ ነው። ሲጻፍ ያስጠላል፤ ነገሩ ግን እንደዚያው ነበር።

ልጁ በአፋር አድርጎ ባሕር ሊሻገር ከወጣ ዓመታት አልፈው ነበር። አብሮት የወጣ የሰፈራችን ጎረምሳ ከማዶ ደውሎ፣ «ጀልባዋ ተገለበጠች፤ እሱን ግን ሲሰምጥ አላየሁትም» አለን። ከዚያ ወዲያ ወሬ የለም። በእኛ አገር ሬሳው ያልመጣ፣ ሲሞት አየሁ የሚል ምስክርም የሌለው ሰው መከራ ነው። ለቅሶ አይቀመጡለትም፤ አለ ብለውም አይስቁም። ጎረቤት ይገባና «እንዴት ናችሁ» ካለ በኋላ የሚለው ይጠፋዋል። እናቱ ምሳ ስታቀርብ ለሱም ከፍላ ታስቀምጣለች፤ ማታ ለውሻ ይሆናል። ይኸ ነገር ሰለቸኝ። ሼሁ ዘንድ ሄጄ በጁምዓ ሰላተል ጋኢብ ይሰገድለት አልኩ። ሬሳው ለሌለ ሰው የሚሰገደው ነው። እሳቸውም እሺ አሉ፣ ጎረቤትም ተነገረ።

ጁምዓ ሁለት ቀን ሲቀረው ሚስቴ ፊልም እያየች ጮኸች።

ፊልሙን የምታይበት ኮምፒውተር የሴቷ ልጄ፣ የእህቱ ነው፤ አስተማሪ ናት፣ እኛው ጋ ነው የምትኖር። ቆቦ በወጣች ቁጥር ፊልም ታስጭናለች፣ እናቷ ታያለች። የአረብ ፊልም ነው። ገበያ መሃል ሁለት ሰዎች ይጣላሉ፣ ከኋላቸው ሕዝብ ይተላለፋል። ሚስቴ ከሚተላለፉት አንዱን በጣቷ ነክታ፣ «ልጄ! ይኸው ልጄ!» ትላለች። አየሁት። ስክሪኑ ትንሽ፣ የሰውየው ፊት ደግሞ የማሽላ ፍሬ ቢያህል ነው።

«አይደለም» አልኩ።

«ፊልሙ መቼ የተሠራ ነው?» ብላ እህቱን ጠየቀቻት።

«ዘንድሮ ነው የወጣው፣ እማ።»

«ሰማህ? ዘንድሮ!» አለችኝ። «በቁሙ ልታሰግድበት ነው?»

«አይደለም አልኩሽ እኮ።»

«በትልቁ አሳየኝና ያን ጊዜ አይደለም በል።»

ከጦርነቱ ወዲህ ቤታችን ቴሌቪዥን አልነበረም። ሐሙስ ጠዋት እህቱን ይዤ ወጣሁ። እሷ ፊልሙን በፍላሽ እንውሰደው ብላ ነበር። እኔ ደግሞ ሲገለበጥ ፊቱ ቢቀየርስ ብዬ እምቢ አልኩ፤ ራሱን የኮምፒውተሩን ሳጥን በጋቢ ጠቀለልኩና ሚኒባስ ውስጥ ታቅፌው ተቀመጥኩ። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ጋቢውን ትክ ብላ አየችው።

«ሕፃን ነው? ምነው ዝም አለ?»

«አያለቅስም» አልኳት።

ቆቦ እስክንደርስ ወደ መስኮቱ እንደዞረች ቀረች።

ባለሱቁ ጎልማሳ ነው፣ ቀልደኛ። ጋቢውን ስፈታ፣ «አባቴ፣ ሊገዙ ነው ወይስ ሊሸጡልኝ?» አለ።

«ይኸን ፊልም በሁሉም ላይ አሳየኝ። አንድ ቦታ ብቻ።»

ቴሌቪዥኖቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል። ገመዱን ከሳጥኑ ወደ ትንሹ ሰካ፤ እህቱ ቦታውን አመጣችው። ሰውየው ጉንጭ አለው፣ ዓይንም አለው። እውነት ለመናገር ወደ ስክሪኑ ጠጋ አልኩ። ወደ ቀጣዩ ሰካ፤ ዓይኑ የነበረበት ቦታ ቀዳዳ ሆነ። ወደ ትልቁ ሰካ። እዚያ ላይ ፊት የሚባል የለም፤ ቡናማና ጥቁር ቁርጥራጭ ነው፣ እንደ ተሰበረ ሸክላ። ሰው ሲቀርብህ ይታወቃል፤ ይኸ ግን በቀረበ ቁጥር ይጠፋል።

«ትልቅ ሲሆን መጉላት አልነበረበትም?»

«ፊልሙ ለስልክ ተብሎ የተጨመቀ ነው፣ አባቴ። ቴሌቪዥኑ ያልተሰጠውን ከየት ያምጣ?»

ደስ አለኝ ልበል? አዎ፣ ለትንሽ ጊዜ። ፊት የሌለው ሰው የማንም ልጅ አይደለም፤ ትልቁን ገዝቼ ለሚስቴ ማሳየት ነው፣ አለቀ። ጠቅልልልኝ ልል ስል ባለሱቁ፣ «ቆይ፣ ይኸን አዲሱን ሳያዩ» ብሎ ገመዱን ጥጉ ላይ ወዳለው ሰካው።

እዚያ ላይ ሰውየው ሄደ። ሌሎቹ ላይ መኖሩን እንጂ መሄዱን ልብ አላልኩም። እዚህ ግን በር ላይ ያለፈ ያህል ሄደ። እጆቹን ወደ ትከሻው ሰቅሏል። እኛ የቆላ ሰዎች ዱላ በትከሻችን አጋድመን፣ ሁለት እጃችንን እላዩ ላይ ጥለን ነው የምንሄደው። ሰውየው ዱላ የለውም። እጆቹ ግን ዱላው በሚሆንበት ቦታ ላይ ናቸው።

«ራያ ሁሉ እንዲህ ነው የሚሄደው» አለ ባለሱቁ። «ባሕር ማዶ ግማሹ የኛው ሰው አይደል?»

እኔ ቀኝ እግሩን ነበር የማየው። ሲያነሳው ወደ ውስጥ ይሰብረዋል፤ የግራውን ቁርጭምጭሚት ሊመታ ደርሶ ይመለሳል። አባቴ እንደዚያ ነበር የሚሄድ፤ እኔም እንደዚያው። ግመል ይዘን ስናልፍ ሰው አቧራው ላይ ዱካችንን አይቶ የነእንቶኔ ልጆች አለፉ ይል ነበር።

እህቱ ስክሪኑን ትታ እግሬን አየች። ባለሱቁም አየ።

«አባቴ፣ እስቲ እስከ በሩ ይሂዱ።»

«ለምን?»

«ዝም ብለው።»

ሄድኩ። ተመለስኩ። ያ ቀልደኛ አንዴ እግሬን፣ አንዴ ስክሪኑን አየ።

«ሌሎቹ ላይ ለምን እንዲህ አልሄደም?» አልኩት።

«ፊልም ማለት ፎቶ ነው፣ አባቴ፤ የተደረደረ ፎቶ። አንዱ ላይ እግሩ ኋላ ነው፣ ቀጣዩ ላይ ፊት ነው። ሌሎቹ እንደመጣው ያሳያሉ። ይኸኛው እንዳይዘል መሃሉን ይሞላል። በሁለቱ መካከል የሚገባውን ፎቶ ራሱ ይሠራል።»

«ከየት አምጥቶ?»

«ገምቶ።»

ሪሞቱን አንስቶ መሙላቱን አጠፋው። ሰውየው ዘለለ፤ እግር ከኋላ፣ እግር ከፊት፣ መሃሉ ላይ ምንም የለም። መልሶ አበራው፤ እግሩ ወደ ውስጥ ተሰበረ።

«ማን ነገረው?» አልኩ።

«ምኑን?»

«የእኛን አካሄድ።»

እህቱ ክንዴን ይዛ፣ «አባዬ፣ የማይገምተውን እንውሰድ። ማረጋገጥ አይደል የፈለግከው?» አለች። ልክ ናት፤ ለዚያ ነበር የመጣሁት። ዕድሜዬን ሙሉ ያላየውን አየሁ የሚል ሰው አልወድም። ያየውን ብቻ የሚናገረው ቴሌቪዥን እዚያው ግድግዳው ላይ ነው።

ጥጉ ላይ ወዳለው አመለከትኩና፣ «እሱን ጠቅልልልኝ» አልኩ።

ቤት ስንደርስ የአስርን ሰላት ሰገድን፤ እህቱም ገመዱን ሰካች። ሚስቴ በርጩማዋን ስባ አፍንጫዋ ስክሪኑን ሊነካ ደረሰ። ሰውየው አለፈ። «መልሺው» አለች። አለፈ። «አቁሚው።» ቆመ። ፊቱ ያለበትን ቦታ በመዳፏ ሸፈነችውና አነሳች፣ ከሥሩ ሌላ የሚወጣ ይመስል።

«ፊት የለውም» አለች። «ልጄ ፊት ነበረው።»

«እግሩን እዪው።»

«ሰው በእግሩ ነው?»

«እዪው አልኩሽ! ቀኙን።»

አየችው። እህቱ ሳትጠየቅ ደጋግማ መለሰችላት። ሚስቴ ወደ እኔ ዞረች፤ እንዲያ አድርጋ አይታኝ አታውቅም።

«እግሩ ያንተ ነው» አለች። «አንተ ደግሞ ይኸው እዚህ አለህ።»

ተነሳች። «እኔ ነኝ የሳትኩት፤ አይደለም። ነገ ይሰገድለት» ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ልቅሶ ጠብቄ ነበር፤ የዕቃ ድምፅ ብቻ ነው የመጣው።

እኔ ሪሞቱን ይዤ ቀረሁ። እህቱ መሙላቱን ለማብራትና ለማጥፋት የቱን እንደምነካ አሳይታኝ ነበር። ሳበራው ይሄዳል፣ ሳጠፋው ይዘላል። ሳበራው የኔ ነው፣ ሳጠፋው የማንም አይደለም። ፀሐይዋ በበሩ ገብታ ስክሪኑን ስታበራው የራሴም ጥላ እዚያ ውስጥ ተቀምጦ ያየኛል። መግሪብ ሊል ሲል፣ መሙላቱን አጥፍቼው ሳለ፣ እግሩ ወደ ውስጥ ተሰበረ።

እህቱን ጠራኋት። «ይኸ በርቷል ወይስ ጠፍቷል?»

ሪሞቱን ተቀብላ አየች። «ጠፍቷል፣ አባዬ።»

«እንደገና አምጪው።»

አመጣችው። ዘለለ። ሦስተኛም አራተኛም አስመጣሁት፤ መዝለሉን እንጂ ያንን አልደገመውም። «ዓይንህ ደክሞ ነው» አለች። ሊሆን ይችላል። ያን ቀን ዓይኔ ደክሞ ነበር፤ አልክድም።

በማግስቱ ጠዋት ሱብሂ እንደሰገድን ሰዉ እስኪወጣ ጠበቅኩና ሼሁ ፊት ተቀመጥኩ።

«አይሰገድ» አልኳቸው።

«ምስክር መጣ?»

«አልመጣም።»

«ይሰገድ ብለህ ያጣደፍከን አንተ አይደለህም?»

«ነኝ።»

«እናቱስ ምን አለች?»

«እሷ ይሰገድ ብላለች።»

ሼሁ በዕድሜ ይበልጡኛል፤ ብዙ ነገር ሊሉኝ ይችሉ ነበር። የመስበሐ መቁጠሪያቸውን ወደ ኪሳቸው ከተቱና፣ «እስከ መቼ ነው ታዲያ የምንጠብቀው?» አሉኝ።

«እኔ እንጃ» አልኩና ጫማዬን አድርጌ ወጣሁ።