ሰዓቱ ያልተጻፈበት ቁም ሳጥን

አናጢው ለሠራው ዕቃ ሁሉ፣ ዓይን በማያርፍበት በሥሩ በኩል፣ የፈጀበትን ሰዓት በእርሳስ ይጽፋል። ለወንበር ዘጠኝ፣ ለጠረጴዛ ሃያ ሁለት። «ስንት ነው?» ያለውን ሰው ዕቃውን ገልብጦ ያሳየዋል። እንጨቱን ከነሙጫው፣ ሰዓቱን ከነላቡ፤ ሌላ ዋጋ አያውቅም። ሰፈሩም «ጋሽ ሰዓት» ብሎት ቀረ።

ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ሰፋበት፣ ኪራዩም ከበደው። ወደ አንዲት ክፍል ሊዛወር ነው። ሦስት ጊዜ ለካ፤ ቁም ሳጥኑ አይገባም። ቸገረውና አሮጌ ዕቃ የሚገዛውን ነጋዴ ጠራ።

ነጋዴው በሮቹን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ማጠፊያዎቹን ነካካ።

«እጅዎ ይባረክ ጋሼ! ድምፅ እንኳ የለውም። ስንት ይሉታል?»

«ሥሩን እየው፤ ተጽፏል።»

ተጋግዘው አጋደሙት። ባዶ ነው።

«ረስተው ነው?»

አልረሳም። ሊሸጠው ስላልሠራው አልጻፈም።

«ለነገሩ ቢጽፉትም ያው ነው» አለ ነጋዴው እየሳቀ። «ፋብሪካ በግማሽ ቀን የሚያወጣውን እርስዎ ወር ቢቀመጡበት፣ ገዢ ወሩን አይከፍልም።»

«ልክ ነህ። መንቀራፈፍ እንጨት አያስወድድም።»

ያም ሆኖ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አውርዶ መቁጠር ጀመረ። እንጨቱን መላግ አምስት ቀን። ግን የሳንቃውን ማዶ ጫፍ የያዘችው ሚስቱ ነበረች። የጎረቤቱን ወሬ ስታወራለት፣ ሲስቁ ሙጫው ሁለቴ ደርቆባቸዋል። የሳቁ ሰዓት በማን ይጻፍ? በሷ ወገን ያለውን መስቀያ ዝቅ ያደረገውም «ልብስ ላወርድ መሰላል ልሸከም እንዴ?» ብላው ነው።

እርሳሱን መልሶ ሰካ።

«አይሸጥም።»

«ኧረ ጋሼ! የት ሊያስገቡት?»

«እሱን ለኔ ተወው።»

በማግስቱ መጋዙን አነሳና ቁም ሳጥኑን መሐል ለመሐል ከፈለው። ለተቆረጠው ጎን መዝጊያ ሳንቃ ሲያዘጋጅ ማዶ ጫፉ ዘመም አለ።

«ያዝ አድርጊልኝ እስቲ» አለ በልማዱ።

ሄዶ ዘጠኝ ሰዓት የተጻፈበትን ወንበር አመጣና ደገፈው።

የሷ ወገን አዲሲቱ ክፍል ውስጥ ቆመ። የራሱን ወገን ለነጋዴው ሰጠ፤ ልብሱን ምስማር ላይ ሰቀለ። ነጋዴው ዕቃውን አጋድሞ ሥሩን አየና ሳቀ።

«አራት ሰዓት? ይኸ ሁሉ በአራት ሰዓት?»

«ብቻዬን የሠራሁት መቁረጡንና መዝጋቱን ነው» አለ አናጢው።