ልጄ ታማ የተቆፈረው የኮምፖስት ጉድጓድ

የግብርናዋ ባለሙያ ጓሯችንን ዞራ አየችና «እዚህ ጋ ይቆፈር፤ የሚበሰብሰው ሁሉ እዚህ ይግባና ኮምፖስት ይሆናችኋል። ፌስታልና ላስቲክ ለብቻው በጆንያ» ብላ መሬቱን በእንጨት አስምራ ሄደች። ባሌ ዶማውን አነሳ።

ትንሿ ልጄ ያን ሰሞን ታማ መደብ ላይ ተኝታ ነበር። ማርቆስ ከተማ ሐኪም ቤት ወስደናት ኪኒን ሰጥተውን ተመልሰናል፤ ሳሉ ግን አልለቀቃትም፤ አጥንቷ ይቆጠራል።

ከሰዓት በኋላ ወደ ጓሮ ብወጣ ጉድጓዱ አልቋል። እሷ ከተኛችበት ግድግዳ ጀርባ ነው። ርዝመቱ የሰው ቁመት፣ አፈሩ በአንድ ወገን ተቆልሎ። ቁርጥ መቃብር። እኛ ዘንድ የተቆፈረ መቃብር ባዶውን አያድርም፤ ሌላ ሰው ይጠራል። ይሄ መቃብር እንዳልሆነ ጠፍቶኝ አይደለም። ሆዴ ግን እሺ አላለኝም።

«ድፈነው» አልኩት።

«ቀኑን ሙሉ ቆፍሬ?»

«በታመመች ልጅ ራስጌ አፉን ከፍቶ አያድርም!»

«እንግዲያ ሙዪው» ብሎ ጥሎኝ ገባ።

አመዱን፣ የበረቱን ጥራጊ፣ የባቄላ ገለባውን፣ የድንቹን ልጣጭ ጨመርኩ። ግማሹንም አልሞላው። መቀነቴን አጥብቄ በየጎረቤቱ ዞርኩ። ቆሻሻ ስጡኝ ብሎ የለመነ ሰው ካለ እኔ ነኝ።

«እቴ፣ ደግሞ ቆሻሻም አለቀብሽ?» ብላ ሳቀች የላይኛዋ ጎረቤቴ። ፊቴን ስታይ ሳቋን ዋጠችና በእንቅብ ሞልታ ተከተለችኝ። ሌሎቹም መጡ። ያመጡት ሁሉ ከፌስታል የተደባለቀ ነበር። ቁጭ ብለን፣ ከብት ውጦ የሚሞትበትን ላስቲክ ሁሉ አንድ በአንድ ለቅመን ጆንያ ሞላን። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጉድጓዱ ሞላ። አፈር ስናለብሰው ደግሞ ሌላ ፍርሃት ያዘኝ፤ ሰው የምንቀብር መሰለኝ።

ብዙም ሳይቆይ እነሱም በየጓሯቸው አስቆፈሩ። ባለሙያዋ መጥታ «እናቴ፣ መንደሩን ቀሰቀሱት እኮ!» አለችኝ። የሞላሁት ለልጄ ፈርቼ መሆኑን አላወቀች።

ብስባሽ እንደሚሰምጥ ማንም አልነገረኝም። ጠዋት ጠዋት መሃሉ ጎድጉዶ አገኘዋለሁ። የልጄን ግንባር ዳብሼ በቀጥታ ወደ ጓሮ ነው የምሄደው። እሱ ዝቅ ባለ ቁጥር እሷ የከሳች ይመስለኛል። ያገኘሁትን አረም፣ ያገኘሁትን አመድ እጨምርበታለሁ።

አሁን የሰዉ ሁሉ ተገልብጧል፤ የላይኛዋ ጎረቤቴማ ጎመኗ ስር በትናዋለች። የኛ ብቻ ቀረ። መገልበጥ ማለት ያንን ከፍቶ፣ የሚዛወርበት ሌላ ጉድጓድ መቆፈር ነው።

ትናንት ባሌ ዶማውን ይዞ ወጣ። ቀድሜው ሄጄ ጉድጓዱ ላይ ተቀመጥኩ።

«ተነሺ፣ አንቺ ሴት! ሰው ምን ይለናል?»

«ልጄ በእግሯ ከቤት ትውጣ፣ ያኔ እነሳለሁ።»

ከግድግዳው ወዲያ ስትስል ሰማናት። ቶሎ አላቆመችም። ዶማውን መሬት ላይ አጋደመና አጠገቤ ተቀመጠ። ከስራችን አፈሩ ይሞቃል። እስኪመሽ ከዚያ አልተነሳንም።