የብር ሳህኑ ባለቤት

እርጥብ አሸዋ በአካፋ ሲፋቅ የሚያወጣው ድምፅ ጥርስ ያሳክካል። ትናንት ሐይቅ ከተማ መናኸሪያ አጠገብ አሸዋ የጫነ መኪና ሲያራግፉ ሰማሁትና እግሬ ተያዘ። አባ ይማም ትዝ አሉኝ።

በልጅነቴ ጎረቤታችን ነበሩ። ከአርዲቦ ሐይቅ በሚወርደው ወንዝ አሸዋ እያወጡ ለግንበኞች ይሸጣሉ። ጉልበታቸው አልቆ፣ ሲቀመጡም ሲነሱም ወገባቸውን በሁለት እጃቸው ይደግፉ ነበር። ልጃቸው ሰዓዳ አብራቸው ትዝቃለች፤ የእሷም መዳፍ እንደ አሮጌ ጎማ ተሰነጣጥቋል።

አንድ የበጋ ጠዋት አካፋቸው የብር ሳህን ይዞ ወጣ። ጠቁሯል፤ በአሸዋ ሲያሹት ግን መሐሉ ላይ የቅጠል አክሊል የደፋ፣ ጢም የሌለው ሰው ምስል ብቅ አለ።

"ተገላገልህ አባ" አለች ሰዓዳ። "ሸጠነው ታርፋለህ።"

እሳቸው ጥምጥማቸውን ፈተው ሳህኑን ጠቀለሉበት። በሸሪዓው፣ የወደቀ ዕቃ ያገኘ ሰው ምልክቱን ደብቆ ዓመት ሙሉ ባለቤቱን መጥራት አለበት፤ የሚጠቀምበት ዓመቱ ሞልቶ ባለቤቱ ሲጠፋ ነው። ስለዚህ በየጁምዓው ከስግደት በኋላ መስጊዱ በር ላይ ይቆማሉ። "የብር ዕቃ አግኝቻለሁ፤ ምልክቱን የነገረኝ ይውሰድ።"

ባለሱቁ ሐሰን አይተዋቸውም። "የሚስቴ አምባር ነው።"

"አንተ ለሚስትህ አምባር ገዝተህ ታውቃለህ?"

ሰው ይስቃል። እሳቸው ወገባቸውን ይዘው ወደ ወንዙ ይወርዳሉ።

ሰዓዳ ስታስጨንቃቸው፣ ከደሴ ለመጣ አንድ የታሪክ መምህር ሳህኑን አሳዩት። መምህሩ አገላብጦ አየው። "የጥንት ሮማውያን ነው። ነጋዴ ከቀይ ባሕር ይዞት ወጥቶ ይሆናል። ባለቤቱ ከሞተ ሁለት ሺህ ዓመት ሊሆነው ነው፣ አባ።"

"ወራሽ አይኖረውም?"

"ከየት ይመጣል?"

"ሰው ሁሉ እንዳንተ ወንደላጤ መሰለህ?" አሉና መልሰው ጠቀለሉት።

ክረምቱ ሲገባ ከመኝታቸው መነሳት አቃታቸው። ብዙም አልቆዩ። የሙት ሰደቃቸው ከተበላ በኋላ በነበረው ጁምዓ፣ ሰዓዳ ከወንዙ በቀጥታ መጥታ፣ ጭቃው እግሯ ላይ እንደደረቀ፣ መስጊዱ በር ላይ ቆመች። ያን ቀን ሐሰን አልቀለደም።

እናቴ በመንገድ አግኝታት፣ "ልጄ፣ የሮማ ሰው ላይመጣ ምን ያደክምሻል?" አለቻት።

"አይመጣም፣ አውቃለሁ" አለች ሰዓዳ። "ግን ዓመቱ አልሞላም፣ እትዬ።"

ሳህኑ ገና የእሷ አልነበረም። ከአባቷ የወረሰችው የቀሩትን ጁምዓዎች ነበር።