ለእንግዳ የቀረበው ኮምፒውተር

ልጅ እያለሁ መካኒሳ በነበረው ትምህርት ቤታችን ኮምፒውተር የሚታየው ጫማ ተወልቆ፣ እጅ ወደ ኋላ ታጥፎ ነበር። ክፍሉ ካልሲ ካልሲ ይሸታል፤ እያንዳንዱ ማሽን እንደ ሳሎን ቴሌቪዥን ዳንቴል ለብሷል። መንካት ክልክል ነው። ቲቸር ሙሉጌታ ግን ለእኛ ለስምንተኛ ክፍሎች ቃል ገብቶልን ነበር፤ የወላጆች ቀን ሲያልፍ በየተራ እንነካለን። እኔማ ካርቶን ላይ የኪቦርዱን ፊደላት ስዬ ጣቶቼን ሳለማምድ ከረምኩ።

ለበዓሉ ቲቸር ከአሮጌዎቹ በአንዱ ላይ የትምህርት ቤታችንን ስም በቀለማት የሚያሳይ ፕሮግራም ሠራ። ሲያምር! በዕለቱ ጠዋት ግን ዳይሬክተራችን የወየበውን ኮምፒውተር አይተው ፊታቸውን አጨፈገጉ። «ለእንግዳ ይሄ ይቀርባል እንዴ?» አሉና ከቢሯቸው ንጹሑን አስመጥተው ፕሮግራሙን እሱ ላይ አስጫኑ። ለእንግዳ ደህናውን ማቅረብ ከየቤታችን ያመጣነው ወግ ነውና ለሁላችንም ትክክል መሰለን።

ወላጆች ተሰብስበው ሲከፈት በቀለማቱ ፋንታ ቅንፍና ቁጥር ስክሪኑን ሞላው። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ።

«ጋሼ፣ እዚህኛው ላይ ስክሪኑን የሚያሠራው ፕሮግራም፣ ድራይቨሩ፣ የተጫነ አልመሰለኝም። አንድ ትእዛዝ ጽፌ ልየው፤ ደቂቃ አይፈጅም» አለ ቲቸር።

«አትንካው! ጭራሽ ልታፈነዳው ነው? አጥፋልኝ!»

ጠፋ። ከነገሩ ጦም እደሩ ነበር የዳይሬክተሩ ሃይማኖት፤ በማግስቱ ኮምፒውተሮቹ ተበላሽተዋል ተባለና ክፍሉ ተቆለፈ። እኛም ተራችን ሳይደርስ ትምህርት ቤቱን ለቀን ወጣን። የእሳቸው ሐፍረት ተሸፈነ፣ ዕዳው ለእኛ ተረፈ። ይኸው ዛሬም ያንገበግበኛል።

ባለፈው ሰሞን ከልጄ ጋር ስልክ ላሠራ ጎፋ አንድ ጥገና ቤት ገባሁ። ጠረጴዛው ላይ የዚያን ዘመን ኮምፒውተር በርቷል፤ ስክሪኑ ላይ ያው ቅንፍ፣ ያው ቁጥር። ጠጋኙ ወጣት አንድ ትእዛዝ ሲጽፍ የተጫኑት ነገሮች ስም ተደረደረ። «ድራይቨሩ የለማ!» አለ፣ ቅልል ብሎት። ጭኖት፣ አጥፍቶ ሲያበራው ቀለሙ ቦግ አለ። የቀረበልኝን ሻይ እንኳ አልጨረስኩም ነበር። ልጄ ማንንም ሳታስፈቅድ ኪቦርዱን ትጠቀጥቀው ጀመር።

«እትዬ፣ እርስዎም ይሞክሩት እንጂ፤ ምንም አይሆንም» አለኝ ጠጋኙ።

ልስቅ ፈለግሁ። ሁለቱም እጆቼ ግን ወደ ኋላ ታጥፈው ነበር።