የለቅሶ እህል

መርሳ ውስጥ ወፍጮ ቤት ማለት ጩኸት፣ ብናኝና ወሬ ነበር። ሴቱ በየጆንያው ላይ ተቀምጦ ተራውን ይጠብቃል፤ ከሐራ እስከ ውርጌሳ ያለው ወሬ ሁሉ እዚያ ይበጠራል። ተራ ያጨቃጭቃል፣ ያሰዳድባል። አንድ ነገር ግን አያከራክርም ነበር። በር ላይ የደረሰች ሴት «የለቅሶ ነው» ካለች ጆንያው ሁሉ ወደ ጎን ይገፋል፣ የሚቀጥለው እህል የእሷ ነው። «ነፍስ ይማር» ትባላለች እንጂ ማስረጃ አምጪ አትባልም።

አውቃለሁ፣ ይህን ያበላሸነው እኛው ነን። ያልሞተ ሰው እየገደሉ የሚቀድሙ ነበሩ። አንዷማ «አማቴ ሞቱብኝ» ብላ አስፈጭታ ስትወጣ፣ አማቷ ከባጃጅ ሲወርዱ በር ላይ ተገናኙ። እኛ ሳቅን፣ አለፈ። የወፍጮው ባለቤት ግን አልሳቁም። ባለሙያ አስመጥተው ተራ የሚይዝ ሲስተም አስገቡ። ከዚያ ወዲህ በስልክ ትመዘገቢያለሽ፣ ቁጥርሽ በመልእክት ይመጣል፣ ሰዓትሽ ሲደርስ እህልሽን ይዘሽ ትሄጃለሽ። ኮምፒዩተሩ ካላዘዘ ሞተሩም እንዳይነሣ አድርገው አሠሩት። መጀመሪያ እኔም ወድጄው ነበር። ቤቱ ቁጭ ብሎ ተራ መያዝ ማን ይጠላል?

የጎረቤቴ ባል የሞተው አዲሱ ጤፍ በገባ ሰሞን ነው። ራሱ አጭዶ፣ ራሱ ወቅቶ ቤት ካስገባው ብዙም አልቆየም። ጥሩንባው በማለዳ ተነፋ፤ ወንዶቹ መቃብር ሊቆፍሩ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጡ። እሷ እንባዋን እንኳ ሳትጠርግ ክንዴን ያዘችኝ።

«እታለም፣ ለሣልስቱ የራሱን ጤፍ ይብሉለት። እሱ እህል እያለው በሰው እህል አታስተዛዝኚልኝ።»

ሌላ ምንም አልለመነችኝም። «ይሁን፣ በኔ ጣይው» አልኳት። ለሣልስቱ እንዲደርስ ጤፉ በዚያው ቀን ተፈጭቶ መቦካት ነበረበት።

ባጃጅ ላይ ጭኜ ወፍጮ ቤት ስደርስ ግቢው ባዶ ነው። ሞተሩም ቆሟል። አንድ ሰው የለም፣ አንድ ጆንያ የለም። ተመስገን አልኩ፣ ጅሏ! ኮምፒዩተሩ ፊት የባለቤቱ ምራት ብቻዋን ተቀምጣለች።

«የለቅሶ ነው» አልኳት።

«እትዬ፣ ቁጥር አለዎት?»

«የለቅሶ ነው እኮ የምልሽ!»

«አሁን ተራው የሌላ ሰው ነው። እስኪመጡ እየጠበቅሁ ነው።»

«እኔ እህል ይዤ ፊትሽ ቆሜ፣ የሌለ ሰው ትጠብቂያለሽ?»

«ያለ ቁጥር አይነሣልኝም፣ ምን ላድርግ?»

«የጠዋቱን ጥሩንባ አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ። አልቅሻለሁም። ግን ጥሩንባው ሲስተሙ ውስጥ የለም» አለችኝ። እየቀለደች አልነበረም።

ደሜ ፈላ። አሁንም ሳስበው ይፈላል። በፊት ቢሆን ግቢው ሙሉ ሴት ነበር፤ ብትቆጣም ብታጉረመርምም «ቅደሚ» የምትለኝ አላጣም። አሁን እሺ የሚለኝም እምቢ የሚለኝም የለም። የምጣላው ሰው እንኳ አጣሁ። ተራው የደረሰው ሰው የት እንዳለ እግዜር ይወቅ፣ ሞተሩ ግን እሱን እያከበረ ተጎልቷል።

ለባለቤቱ ደወልኩ። ወልድያ ነበሩ። «ነፍስ ይማር፣ ደግ ሰው ነበር» አሉ፤ ከልባቸው ነው ያሉት። ከዚያ ድምፃቸውን አጠንክረው፣ «እህቴ፣ ዛሬ ላንቺ ብከፍት ነገ ግማሹ መርሳ ይሞታል። ተመዝገቢ፣ ይደርስሻል» ብለው ዘጉት።

ሌላኛው ወፍጮ ሞተሩ ተቃጥሎ ከተዘጋ ሰንብቷል። ውርጌሳ ደወልን፣ መብራት የለም ተባለ። ምራትየዋ በስልኬ መዘገበችኝ፤ ከፊቴ ብዙ ቁጥር ስላለ ግን ዛሬ አይደርስዎትም አለችኝ። እኔም ጤፉን ሳላስፈጨው መልሼ ጫንኩ። ባጃጁ ውስጥ የሰደብኩትን ስድብ እዚህ አልጽፈውም።

የዕድሩ ሴቶች ከየቤታችን ካለን ሊጥ አዋጣን። አንዱ ነጭ ነው፣ አንዱ ማሽላ ነው፣ አንዱ ከመጠን በላይ ኮምጥጧል። ሰው አልተራበም። የሣልስቱ ቀን መሶቡ ሲከፈት ግን ጎረቤቴ አንዴ አየችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። የባሏ ጤፍ ጓዳ ውስጥ አፉ እንደታሰረ ተቀምጧል። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

ድንኳኑ ከሲሪንቃና ከወልድያ በመጡ ዘመዶች ሞልቷል። የወፍጮው ባለቤትም እናታቸውን ደግፈው መጡ። ለቅሶ አይቀሩም፣ በዚህ አላማቸውም። አጠገባቸው ደርሼ እንጀራ ሳቀርብ ስልኬ ጮኸ። አውጥቼ አየሁት። በልቤ ላነበው እችል ነበር። አላደረግኩትም፤ ድንኳኑ ሁሉ እንዲሰማ፣ ከሁሉም በላይ እሳቸው እንዲሰሙ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት።

«ውድ ደንበኛችን፣ ተራዎ ደርሷል። በሰዓቱ ካልተገኙ ይሰረዛል።»

ባለቤቱ የጠቀለሉትን እንጀራ እንደያዙ ቀሩ። እናታቸው ጆሯቸው ከበድ ይላል፤ «ምን አለች?» ብለው አጠገባቸው ያለችውን ሴት ጠየቁ። ሴትየዋም የሟቹን ጤፍ፣ ባዶውን ግቢና የቆመውን ሞተር ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረቻቸው። አሮጊቷ አላቋረጧትም። ጨርሳ ስትነግራቸው ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«እንግዲያው ልጄ፣ እኔንም ከአሁኑ አስመዝግበኝ» አሉት።